የጉበት ወንበር

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ የፍኖተ ሰላም ሴቶች ጎናቸውን ሊያስነብቡ ይመጣሉ። ቀሚሳቸው ከቀኝ ጡት በታች መስኮት አለው፤ አራት ጣት የሚያስገባ፣ በቁልፍ የሚዘጋ። ልብስ ሰፊዎች መጀመሪያ ላይ ደብቀው ነበር የሚሰፉት። አሁን ዙሪያውን ጥልፍ ይጠልፉበታል፤ ለሠርግ ከሆነ በወርቅ ክር።

መርፌዋ ከፀጉር ትቀጥናለች። ከጉበት የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ይዛ ትወጣለች። ማሽኑ ቁራጯን ተቀብሎ ለአርባ ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሯ ከአርባ በላይ የሆነ ሴት አሥራ አራት ክኒን ተቀብላ ትሄዳለች። ከአርባ በታች የሆነችም ትቀበላለች፤ ስሟ አጠገብ ግን ቢጫ ነጥብ ይወጣል። ሦስት ቢጫ የተከታተለባት ትሰረዛለች። ክኒኗ ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይተላለፋል፤ ለሁሉም አይበቃምና።

የእኔ ሥራ ቁጥሩን አይቶ አውራ ጣትን ማሳረፍ ነው። አንባቢ ይሉኛል።

ክኒኑ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ያግዳል። ጡት ውስጥ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ የካንሰር ዕጢው እንዲያድግ የሚያዘው ያጣል። ጡትን ግን በየሁለት ሳምንቱ መውጋት አይቻልም። ስለዚህ የሚነበበው ጉበት ነው። ጉበት ውስጥ ይህንኑ መድኃኒት የሚይዙ ሌሎች ቦታዎች አሉ። ብዙ ናቸው። ሆርሞኑን አያውቁትም፤ ኤስትሮጅን ቢፈስባቸውም አይቀበሉትም። መድኃኒቱን ግን አጥብቀው ይይዙታል። ሴቶቹ «ወንበር» ይሏቸዋል። ሲገናኙም «ወንበርሽ ይሙላ» ይባባላሉ፤ ሰላምታ ሆኗል። ከመቶ ወንበር ክኒኑ ስንቱን ይዟል? ማሽኑ የሚያነበው ይህንን ነው። ክኒኑ ካልተገኘ ሴትየዋ አልዋጠችውም ማለት ነው።

ማሽኑን እንዲህ እንዲያስብ ካስተማሩት አንዱ እኔ ነኝ። ታርቱ በምትባል የኤስቶኒያ ከተማ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ፤ የመመረቂያ ሥራዬም ይኸው የንባብ ሰንጠረዥ ነበር። ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ለምን እንደተመለስኩ ሲጠይቁኝ የምሰጠው መልስ በየዓመቱ ይለያያል።

በ2083 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እትዬ ሜላት አልጋው ላይ ወጡ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው። የእርሳቸው ዘመን የልጃገረድ ስም ሁሉ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል፤ ሜላት፣ ሶልያና፣ ሀሴት። ከገበያው በታች የኑግ ዘይት መጭመቂያ አላቸው። የግራ ጡታቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሕመሙ እንዳይመለስ የያዘው ክኒኑ ነው። ይህን እርሳቸውም እኔም እናውቃለን።

«ሃያ ሰባት» አልኩ።

«ባለፈው ስንት ነበር?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ቁልቁል ነው የምሄደው በለኛ።»

ነርሷ፣ ሲስተር ሀሴት፣ ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ነበር። ቀጥሎ የምጠይቀውን ስለምታውቅ እጇን አቆመች።

«እትዬ ሜላት፣ ክኒኑን ይውጡታል?»

«ምን አልኸኝ?»

«አንዳንድ እናቶች ለክኒኑ ዕድሜያቸው ላልደረሰ ሴት ልጆቻቸው ይሰጣሉ። ለዚህ ነው የምጠይቀው።»

«እኔ የወለድሁት ወንድ ነው። ጢሙ እስከዚህ ደርሷል» አሉ ደረታቸውን እየነኩ። «ለእርሱ ልስጠው?»

ሀሴት ሳቀች። እኔም ልስቅ ፈልጌ ነበር።

«ስማኝ ናሆም። ዘይት ስሸጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው። አንድም ሰው ውሃ ቀላቀልሽ ብሎኝ አያውቅም። አንተ ከበረዶ አገር መጥተህ ሰረቅሽ ትለኛለህ።»

«እኔ አላልኩም። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ አፍ የለውም። ያልኸኝ አንተ ነህ።» የቀሚሳቸውን መስኮት ቆለፉ። «እንግዲያው ፊትህ እውጠዋለሁ። በየቀኑ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቅዳሴ ስወጣ። ምላሴንም አነሣልሃለሁ።»

ያሉትን አደረጉ። ለአሥራ አራት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በነጠላቸው እያራገቡ በበሩ ይገባሉ። ክኒኑ ሙቀት ያመጣል፤ በዚህ ከተማ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ ሴት ሁሉ ታራግባለች። ክኒኑን ይውጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ምላሳቸውን ያነሣሉ። «ከመንጋጋዬ ሥርም እይ፣ ዋሻ አለ» ይሉኛል። ከዚያ ምሳቸውን ይፈታሉ። ድንች ወጥ፣ ክክ፣ የሽምብራ አሳ። ሁሉም ላይ የኑግ ዘይት ያብለጨልጫል።

«የጾም ወጥ ዘይቱ ካልታየ ምን ወጥ ነው?» አሉኝ በሦስተኛው ቀን። «ብላ። ትጾማለህ?»

«አልጾምም።»

«አታምንም?»

«አላውቅም።»

«አለማወቅም ያስርባል። ብላ።»

በላሁ። ጥሩ ዘይት ነበር። ለቅበላ፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ የመጀመሪያውን ጭማቂ በጠርሙስ እየሞሉ ለጎረቤት እንደሚልኩ ነገሩኝ። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ያኔ ጭማቂው በእጅ ነበር።

«ዘንድሮ ስንት ቤት ላኩ?»

«አሥራ አንድ። አምና ይበልጥ ነበር» አሉና ወሬውን ወደ ኑግ ዋጋ አዞሩት።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ማሽኑ ሃያ አራት አነበበ።

እትዬ ሜላት አልጋው ላይ እንደተኙ ጣራውን ያያሉ። «አሁንም ሰረቅሁ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደክሟቸዋል። አሥራ አራቱንም ክኒን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቁጥሩንም በዓይኔ እያየሁ ነው። ሦስተኛውን ቢጫ ለማጽደቅ ለአንባቢ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። አውራ ጣቴን ሳላሳርፍ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የንባብ ጣቢያውን ከፍቼ የተረፈችውን ቁራጭ አወጣሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከታርቱ ወዲህ አልሠራሁም። ጉበቱን ፈጭቼ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን እንዳለ ተውኩት፤ ሌላውን ቅባቱ እስኪለቅ አጠብኩት። ከዚያ በሁለቱም ላይ ክኒኑን አቀረብኩና የሚይዙትን ቆጠርኩ። ያልታጠበው ሃያ ስድስት ያዘ። የታጠበው ሰማንያ አንድ።

ደግሜ ሠራሁት። ሰማንያ ሆነ።

ወንበሩ ባዶ አልነበረም። ሌላ ተቀምጦበት ነበር። የኑግ፣ የሱፍ፣ የተልባ ቅባት፣ ቅቤና ሥጋ በሌለበት ሰሞን ጉበት ውስጥ ሲበዛ፣ እነዚያኑ ቦታዎች ይይዛል። ክኒኑ ይዋጣል፤ ጡት ውስጥም ሥራውን ይሠራል፤ ጉበት ላይ ግን መቀመጫ ያጣል። ታርቱ ውስጥ ያነበብኳቸው አራት መቶ ጉበቶች በየቀኑ ቅቤ የሚበሉ ሰዎች ጉበቶች ነበሩ። ቦታዎቹ ሰውነት ውስጥ መጀመሪያ ለምን እንደተሠሩ ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። መድኃኒታችን ስለተቀመጠባቸው የእኛ መሰሉን።

ሰንጠረዡ ለአገራችን እንዲስማማ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያው ዕቅድ ሙከራው በዐቢይ ጾም መካከል ይውላል። ሰው ጾሞ እየደከመ በመርፌ መውጋት ነውር ነው ብዬ ወደ በዓለ ሃምሳ እንዲዛወር ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሁሉም ቅቤ ይበላል፤ ሁሉም ሰማንያ አነበበ። በስብሰባው ላይ ባህሉን የሚያውቅ ሰው መገኘቱ እንደጠቀመ ተነግሮ ተጨበጨበልኝ።

አምና በጾም ዘጠኝ ሴቶች ሰርዣለሁ። የተሰረዘች ሴት መዝገብ ይዘጋል። ከስሟ በቀር ምንም አይታይም፤ ምን እንደሆነች የሚነግረኝ ገጽ የለም። ስማቸውን በወረቀት ገልብጬ ወደ መጭመቂያው ወረድኩ።

እትዬ ሜላት ሞተሩን አጠፉልኝ። ቤቱ የተቆላ ኑግ ይሸታል። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ለማሳጠር ብሞክርም ረዘመ። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ሰሙኝ።

«ዘይቱ ነው» አሉ።

«ዘይቱ ነው።»

«ወረቀቱ ምንድን ነው?»

«አምና የተሰረዙት ናቸው።»

«አንብበው።»

አነበብኩት። አራተኛው ስም ላይ ስደርስ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ዘጠነኛው ሶልያና ነበረች፤ ግድግዳ የሚለያያቸው ጎረቤታቸው።

«ሁሉም ከዚህ ወዲያ ከመጭመቂያው በታች ያሉ ናቸው» አሉ። «ሁሉም ለቅበላ ዘይት የላክሁላቸው ናቸው። ሶልያና መልሼ ልሙላልሽ ስላት እንኳ፣ ዘንድሮስ አበዛሽው ብላኝ ነበር።»

«እትዬ ሜላት፣ በሕይወት አሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከጣቢያህ እስከዚህ ስንት እርምጃ ነው? ዓመት ሙሉ መጥተህ አልጠየቅህም። ዛሬም እኔን አትጠይቀኝ።»

ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ።

«የእኔስ ነገር?» አሉ በመጨረሻ።

«ጾሙን ቢፈቱ በሁለት ሳምንት...»

«እርሱን ተወው።»

«ያለ ዘይት ቢጾሙም ይሆናል። ጠብታ ሳይነካዎት።»

«ደረቅ።»

«ደረቅ።»

«ዘይት ጨማቂ ሆኜ» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ቆመ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዘይት የሌለባት ሴት፣ ክኒኑን በሙሉ ብትውጥ ስንት ታነባለች?»

«ሰማንያ ገደማ።»

«በየቀኑ ግማሽ ብትውጥስ?»

«ከአርባ ሰባት እስከ ሃምሳ ሁለት።»

«እንዲህ በልክ ታውቀዋለህ?»

«ሰንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ማለፊያው አርባ ነው።»

«አርባ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሥተው ሞተሩን አስነሡት።

ሰኞ ዕለት ሃያ አራቷን ሰረዝኩና «መርፌው ስቷል» የሚለው ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ለአንባቢ በዓመት አንዴ የምትፈቀድ ስሕተት ናት። ለእትዬ ሜላት አሥራ አራት ቀን ተገኘ። በዚያው ቀን አሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ጣቢያዎቹን ወደሚያስተዳድረው ማዕከል ላክሁ። ሰንጠረዡ በጾም ወራት እንደሚሳሳት፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን፣ ዘጠኙ ሴቶች ወደ መዝገቡ እንዲመለሱ፣ በሌሎቹ ጣቢያዎችም የተሰረዙት እንዲታዩ። «ስሕተቱ የእኔ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንዴ አጥፍቼ መልሼ ጻፍኩት። ደርሶናል የሚል መልስ መጣ።

እትዬ ሜላት ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። በዚያ ሳምንት ከተማው ደረቀ። ሴቶቹ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ያለ ዘይት የተሠራ ሽሮ ይበሉ ጀመር። ምግብ ቤቶች በር ላይ «ዘይት የለበትም» የሚል ተለጠፈ። ቀሳውስቱ ነገሩ ትሕርምት መስሏቸው ስለ ሴቶቹ ብርታት አስተማሩ። ሴቶቹ ከንፈራቸው ተሰነጠቀ፣ ነገር ቶሎ ያስቆጣቸው ጀመር። መጭመቂያው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሠራ ነበር።

«ራስዎን አከሰሩ» አልኳቸው መንገድ ላይ ሳገኛቸው።

«ሞተሩም ይጹም» አሉኝ።

በአርባ ሰባተኛው ቀን፣ ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀር፣ እትዬ ሜላት ሰባ ዘጠኝ አነበቡ። ከእርሳቸው በኋላ ሰባ ስድስት፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰባ ስምንት። ማታ ስንዘጋ ሰሌዳው ላይ አንድም ቢጫ አልነበረም። በጾም እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይቼ አላውቅም። ሀሴት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። «ተመስገን» አለች።

የማዕከሉ መልስ በማግሥቱ ደረሰ። ደግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። «በጣቢያዎ ተፈጠረ የተባለው ችግር በቅርብ ጊዜ ንባቦች ላይ አልታየም። የተጠቃሚዎቹ መድኃኒት አወሳሰድ በእጅጉ መሻሻሉ የሚያስመሰግን ነው። ጉዳዩ ተዘግቷል። በተሰረዙ ሰዎች ቦታ ሌሎች ስለተተኩ መልሶ መመዝገብ አይቻልም።»

የምስጋና ወረቀትም ተያይዞ መጥቷል። ሀሴት ማራገቢያው አጠገብ ለጠፈችው፤ ማራገቢያው ባለፈ ቁጥር ጠርዙ ይነሣል።

ነገሩን ለማሳየት የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ጥቂት ሴቶች ዘይት እንዲበሉ፣ ቁጥራቸው እንዲወድቅ፣ ሦስት ጊዜም ቢጫ እንዲወጣባቸው ማድረግ። ያንን ማንን ልጠይቅ? ለሁለት ቀን አሰብኩበት፤ ከዚያ ማሰቡን ተውኩት። እንዲህ ያሉ ነገሮችን መተው ከተመለስኩ ወዲህ ቀሎኛል።

ፋሲካ ሆነ። ቀጣዩ ንባብ የዋለው ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ነው። ሴቶቹ ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ፤ ፊታቸው ወዝ አግኝቷል። አንዷ ዶሮ ወጥ በሳህን ይዛልን መጣች። ሰማንያ አራት። ሰማንያ። ሰባ ዘጠኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ አውራ ጣቴ ብቻውን ይሠራል።

ከዚያ ሃምሳ አንድ መጣ።

አርባን ስላለፈ ነጥብ አልወጣም። ሴትየዋን አየሁ፤ ጣራውን ታያለች። ክኒኗን ተቀብላ፣ መስኮቷን ቆልፋ ሄደች። ከአራት ሰው በኋላ አርባ ስምንት መጣ። ወዲያው ሃምሳ።

«ማሽኑ ይጠረግ?» አልኩ።

«ጠርጌዋለሁ፤ ንጹሕ ነው» አለች ሀሴት፣ ሳታየኝ።

ዘይት አይደለም። አገሩ ሁሉ በቅቤ ላይ ነው፤ የሌሎቹም ወንበር ሞልቷል። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚያመጣ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ በታርቱ ሰንጠረዥ ላይ የራሱ መስመር አለው። በየቀኑ ግማሽ ክኒን። ግማሽ ክኒን ምን ያህሉን ዕድሜ እንደሚጠብቅ ግን ሰንጠረዥ የለውም። ያንን የለካ የለም።

የሃምሳ አንዷን ሴት አድራሻ አየሁ። ከመጭመቂያው በታች። የአርባ ስምንቷም። የሃምሳዋም።

ከምሳ በኋላ ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ሰባት፣ እንደገና ሃምሳ። ቁጥሮቹን በትንሽ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን የመጨረሻዋ ባለ ተራ እትዬ ሜላት አልጋው ላይ ወጡ። ቀሚሳቸው አዲስ ነው፤ መስኮቱ ዙሪያ አረንጓዴ ጥልፍ አለው። አርባ ሰከንድ ጠበቅን።

«ስንት ነው?»

«አርባ ዘጠኝ።»

«አለፍሁ?»

«አልፈዋል።»

«ክኒኑን ትውጪዋለሽ ወይ አትለኝም?»

«አልልም።»

አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ሰሌዳው «ሁሉም ተጠቃሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ ወስደዋል» የሚል ጻፈ። አሥራ አራቱን ክኒን ሰጠኋቸው። ተቀብለው በመሐረብ ቋጠሩት።

ወረቀቴን አየሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩት። ከዚያ በሩን አየሁ። አግዳሚው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

«ማንን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«አምና የሰረዝኩት ዘጠኝ ነው፣ እትዬ ሜላት። ዛሬ ግማሽ ያነበብኩት ሰባት ነው። እያንዳንዷ ከአንዷ ጋር ከተካፈለች ሁለት ይቀራሉ።»

የቀሚሳቸውን መስኮት ቁልፍ አንድ በአንድ ዘጉ። ሀሴት ጀርባዋን ሰጥታን መርፌዎቹን ትሰበስባለች።

«ሁለቱ እስከዚህ አልቆዩም» አሉ እትዬ ሜላት። «በሩን ዝጋው።»